የግራ ጉልበትዎና የሚገዙት ትራክተር

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ በጎንደር፣ አዘዞ ነው። ዕድሜዬ 54 ዓመት ሲሆን የምተዳደረው በትራክተር ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደምቢያ ወርጄ ለገበሬዎች በኪራይ አርሳለሁ፤ ከግንቦት እስከ ሐምሌ መተማ ላይ ለሰሊጥና ለማሽላ የያዝሁትን መሬት አዘጋጃለሁ፤ ከመኸር በኋላ መውቂያ አንቀሳቅሳለሁ፣ በተጎታችም እህል አመላልሳለሁ። ያለኝ ትራክተር ስምንት ማርሽ ወደፊት፣ ሁለት ወደኋላ ያለው አሮጌ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን ፔዳል) በረገጥሁ ቁጥር ግራ ጉልበቴን ይወጋኛል። አሁን ከልጆቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ሌላ ልንገዛ ነው፤ የቀረቡልንም ሦስት ናቸው። አንደኛው ባለ 80 የፈረስ ጉልበት፣ ሲንክሮ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እና የተለመደው የእግር ፍሪሲዮን ያለው ነው። ሁለተኛው ጉልበቱ ከዚህ እኩል ሆኖ ከመሪው በስተግራ ባለች እጀታ ወደፊትና ወደኋላ የሚል፣ ሻጩ ፓወር ሻትል የሚለው ነው። ሦስተኛው ባለ 35 የፈረስ ጉልበት ሃይድሮስታቲክ ሲሆን ፍሪሲዮን የለውም፣ በቀኝ እግር ፔዳል ብቻ ይሄዳል፤ ሻጩም የዘመኑ ቴክኖሎጂ ይህ ነው ይላል። ፔዳሉም ሁለት ዓይነት አለው፤ በአንዱ ላይ ሁለት ፔዳሎች ጎን ለጎን ተተክለዋል፣ በሌላው ደግሞ አንዱን ፔዳል በጣት ሲጫኑት ወደፊት፣ በተረከዝ ሲጫኑት ወደኋላ ይሄዳል። አልፎ አልፎ የምትነዳው ልጄ ቁመቷ አጠር ያለ ነው። ለእግር የሚመቸው የትኛው ነው?»

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ምክሩን ለመስማት ብዙ እንዳይጠብቁ መልሱን አስቀድሜ ልናገር። እርስዎ በገለጹት ሥራ ላይ ሁለተኛውን፣ ማለትም ፓወር ሻትሉን እመርጥልዎታለሁ፤ ነገር ግን ከዚህ በታች የማነሣው አንድ ሁኔታ ካልተሟላ ወደ አንደኛው ይመለሱ። ሦስተኛው ለእግር ከሁሉ የቀለለ መሆኑ እውነት ቢሆንም ለእርስዎ እርሻ የተሠራ አይደለም። ምክንያቱንም የምጀምረው ከትራክተሩ ሳይሆን ከማሳው ነው፤ የአንድ ካምቢዮ ምቾት የሚለካው እግርዎ በቀን ስንት ጊዜ እንዲሠራ በሚያስገድደው ልክ ነውና።

ደምቢያ ላይ የሚያርሱትን አንድ ቃዳ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ቃዳው የሄክታር ሩብ ሆኖ፣ ለሒሳብ እንዲመቸን 50 ሜትር በ50 ሜትር ነው እንበል። ባለሦስት ዲስክ ማረሻዎ በአንድ ጉዞ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ቢገለብጥ፣ ቃዳውን ለመጨረስ 50 ጊዜ መመላለስ ይኖርብዎታል። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲያርሱ 50 ሜትሩን የሚጨርሱት በ36 ሰከንድ ስለሆነ፣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከማሳው ጫፍ ደርሰው ማረሻውን አንሥተው ይዞራሉ። የጎረቤት አዝመራ ወይም የውኃ መውረጃ ቦይ ከአጠገቡ ካለ ደግሞ በአንድ ጊዜ መዞር ስለማይቻል፣ ወደኋላ ብለው እንደገና ወደፊት ማለት ግድ ይሆናል። በእያንዳንዱ ጫፍ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ብቻ ረገጡ ብንል እንኳ አንዱ ቃዳ ሲያልቅ ግራ እግርዎ መቶ ጊዜ ረግጧል ማለት ነው። ያንኑ ያህል ስፋት ያለውን መሬት መተማ ላይ 500 ሜትር በሚረዝም ማሳ ውስጥ ቢያርሱት ግን የሚመላለሱት 5 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕመሙ መተማ ላይ ቢሰማዎትም እንኳ የተጠራቀመው ደምቢያ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚገዙት ትራክተርም በመጀመሪያ ደረጃ ማቃለል ያለበት የማርሽ ለውጡን ሳይሆን የአቅጣጫ ለውጡን ነው። ወደ ሻጩ ከመሄድዎ በፊት ከልጆችዎ አንዱ አጠገብ ቆሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪሲዮኑን ስንት ጊዜ እንደረገጡ፣ ከዚያም ውስጥ ስንቱ ማርሽ ለመቀየር፣ ስንቱ አቅጣጫ ለመለወጥ እንደነበረ ቢቆጥርልዎ፣ ከማንኛውም የሻጭ መግለጫ የተሻለ መረጃ ይኖርዎታል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አሁን ያለው ትራክተርዎ ለምን ይህን ያህል እንደከበደ ማስመርመርም ይገባል። ከፔዳሉ እስከ ካምቢዮው የሚደርሰው ማያያዣ ግራሶ ከጠፋበትና መጋጠሚያዎቹ ከዛጉ፣ ወይም ፍሪሲዮኑ ራሱ ከተበላ፣ ፔዳሉ ከመጀመሪያው ይልቅ እጅግ ይከብዳል። ፔዳሉ ፍሪሲዮኑን መግፋት ከመጀመሩ በፊት ያለ ጫና የሚወርድባት ትንሽ ክፍተትም መኖር አለባት፤ ልኳ በየሞዴሉ ስለሚለያይ የሚታየው ከመመሪያ መጽሐፉ ነው። ክፍተቷ ከጠፋች ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ሥራ በሌለበት ጊዜ ሁሉ ስለሚሽከረከር ፈጥኖ ያልቃል። እግርን ፍሪሲዮን ላይ ጥሎ መንዳትም ውጤቱ ያው ነው፤ በዚያ ላይ ጉልበትን ቀኑን ሙሉ በግማሽ ታጥፎ እንዲንጠለጠል ያደርገዋል። ብዙ ነባር አሽከርካሪዎቻችን ይህ ልማድ ስላላቸው፣ እርስዎም ካለብዎት አዲሱ ትራክተር ብቻውን አይፈውስዎትም።

አሁን ወደ አንደኛው ትራክተር እንምጣ። ሲንክሮ ማለት ትራክተሩ እየሄደ ሳለ የሁለቱ ማርሾች ፍጥነት እንዲገናኝ የሚያደርግ ክፍል በካምቢዮው ውስጥ አለ ማለት ሲሆን፣ እንደ አሮጌው ትራክተርዎ ማርሽ ለመቀየር መቆም አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ሻጩ «ሲንክሮ ነው» ባለ ጊዜ የትኞቹ ማርሾች እንደሆኑ ይጠይቁት። በብዙ ትራክተሮች ላይ ሲንክሮ የሚሆኑት ዋናዎቹ ማርሾች ብቻ ሲሆኑ፣ ከቀርፋፋው ወደ ፈጣኑ ክፍል ለመሻገር፣ አንዳንዴም ወደኋላ ለመሄድ መቆም አሁንም ግድ ነው። ወደኋላ የሚያስኬደው ማርሽ ሲንክሮ ካልሆነ ደግሞ ደምቢያ ላይ ያለብዎት ችግር ባለበት ይቀጥላል። ሌላው መታየት ያለበት ፍሪሲዮኑ ባለ ሁለት ደረጃ መሆኑና አለመሆኑ ነው። ባለ ሁለት ደረጃው በግማሽ ሲረገጥ ጎማውን ብቻ፣ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ደግሞ ፒቲኦውንም፣ ማለትም ለተገጠመው መሣሪያ የሞተሩን ጉልበት የሚያደርሰውን ዘንግ፣ ያቆማል፤ ባለ አንድ ደረጃው ግን ሁለቱን አንድ ላይ ያቆማቸዋል። እርስዎ መውቂያውን የሚያንቀሳቅሱት ትራክተሩን አቁመው ስለሆነ ይህ ብዙ ላያሳስብዎ ይችላል፤ ወደ ፎገራ ወርደው የሩዝ ማሳ በሮታቬተር (አፈሩን በሚሽከረከሩ ቢላዎች በሚያደቅቅ መሣሪያ) ለማዘጋጀት ካሰቡ ግን ፒቲኦው በራሱ እጀታ የሚበራና የሚጠፋ ቢሆን የተሻለ ነው።

የአንደኛው ትራክተር ትልቁ ሀብት ቀላልነቱ ነው። በማርሽ ብቻ የሚሠራ ካምቢዮ ከሞተሩ የተቀበለውን ጉልበት ብዙ ሳያባክን ለጎማው ያደርሳል። ሲበላሽም ፈትቶ የሚያውቀው መካኒክ ጎንደርም፣ ገንዳ ውኃም አይጠፋም። ባትሪው በደከመ ቀን በሌላ መኪና አስጎትተው ሊያስነሡት ይችላሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሽ ውስጥ ሲተዉትም ሞተሩ ራሱ ጎማውን በመያዝ ለእጅ ፍሬኑ ተጨማሪ እገዛ ይሰጠዋል። መሀል መተማ ላይ፣ በእርሻው ወቅት እምብርት፣ ትራክተር ቆሞ መለዋወጫ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያከስር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታልና ይህን አቅልዬ የማየው ጥቅም አይደለም።

ሁለተኛው ከአንደኛው የሚለየው በአቅጣጫ መለወጫው ነው። በፓወር ሻትል ውስጥ ለወደፊት አንድ፣ ለወደኋላ ሌላ፣ በዘይት ውስጥ የሚሠሩ የፍሪሲዮን ዲስኮች አሉ። በመሪው ግራ ያለችውን እጀታ ወደፊት ሲገፉ ወይም ወደኋላ ሲስቡ በሃይድሮሊክ ግፊት አንደኛው ይይዛል፣ ሌላኛው ይለቃል፤ እግርዎም ከወለሉ አይነሣም። ቀደም ብለን መቶ ያልነው መርገጥ በዚህ ትራክተር ላይ ወደ ጥቂት ይወርዳል ማለት ነው። የፍሪሲዮን ፔዳል ግን ጨርሶ አይጠፋም። ማርሽ ለመቀየር፣ ማረሻ ለመቀጠል ቀስ ብሎ ወደኋላ ለመጠጋትና በድንገት ለማቆም ያስፈልጋል። በብዙ ሞዴሎች ላይ ፔዳሉ የሚከፍተውና የሚዘጋው የዘይት ቫልቭ ብቻ በመሆኑ ከባዱን ስፕሪንግ በእግር መግፋት ስለማይኖር ለታመመ ጉልበት በጣም ይቀላል። ዲስኮቹም በዘይት ስለሚቀዘቅዙ፣ በአግባቡ ከተያዙ፣ ብዙ አቅጣጫ መለወጥ ባለበት ሥራ ላይ ከደረቁ ፍሪሲዮን ይልቅ ዕድሜ አላቸው።

ከዚህ በላይ «አንድ ሁኔታ» ያልሁት ዘይቱን የሚመለከት ነው። በፓወር ሻትል ትራክተር ላይ የካምቢዮው ዘይት ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን ዲስኮቹን የሚጨብጠው እጅም ነው። ፋብሪካው ካዘዘው ዓይነት ውጭ የሆነ ዘይት ከተጨመረበት፣ አቧራና ውኃ ከገባበት፣ ወይም ፊልትሮው በጊዜው ካልተቀየረ፣ ዲስኮቹ መንሸራተት ይጀምራሉ፤ የተንሸራተተ ዲስክ ይግላል፣ የጋለም ይቃጠላል። ለጥገናውም ካምቢዮው መከፈቱ ብቻ አይበቃም፤ ግፊቱን በመለኪያ አይቶ ችግሩ ከፓምፑ፣ ከቫልቩ ወይስ ከዲስኩ እንደሆነ መለየት የሚችል ባለሙያ ይፈልጋል። ስለዚህ ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የታዘዘው ዘይት ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ላይ ዘወትር ይገኛል ወይ፣ ፊልትሮው በመደብሩ አለ ወይ፣ ግፊት መለኪያ ይዞ እስከ ማሳ የሚመጣ መካኒክ አላችሁ ወይ። ዘይቱንና ፊልትሮውን በዓይንዎ ይዩ፤ መካኒኩንም በስም አስጠርተው ያነጋግሩት። «ይመጣል፣ በመርከብ ላይ ነው» የሚል መልስ ካገኙ፣ ያለ ጸጸት አንደኛውን ይውሰዱ።

ከአሮጌው ትራክተር ወደዚህ የሚሸጋገር ሰው አስቀድሞ መልመድ ያለበት ሌላም ነገር አለ፤ ሻጮችም ይህን ሲናገሩ ብዙ አይሰማም። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት አብሮ ስለሚጠፋ ዲስኮቹ ይለቃሉ፤ በመሆኑም ማርሽ ውስጥ አስገብቶ መውረድ ትራክተሩን አይዘውም። በጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ላይ ማርሽን ተማምኖ ማቆም የለመደ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢወርድ ትራክተሩ ሰው ላይ ሊሄድ ይችላል። የእጅ ፍሬኑ ሁልጊዜ መሳብ አለበት፤ የማቆሚያ መቆለፊያ ካለውም ይቆለፍ፤ ተጎታች ሲኖር ደግሞ ከጎማው ሥር ታኮ ይደረግ። በዚሁ ምክንያት እየተጎተተ ስለማይነሣ ለባትሪው ከድሮው የበለጠ መጠንቀቅ ይኖርብዎታል። እጀታዋ በመቅለሏ ምክንያት በሙሉ ፍጥነት ወደፊት እየሄዱ በአንዴ ወደኋላ መሳብም ልማድ እንዳይሆን፤ ትራክተሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ የሚደረግ ለውጥ ሙቀቱን በሙሉ በዲስኮቹ ላይ ይጥለዋል፤ እህል የጫነ ተጎታች ካለ ደግሞ አደጋው ከዲስክ ያልፋል።

ሦስተኛውን በተመለከተ፣ «የዘመኑ ቴክኖሎጂ» የሚለውን የሻጩን አነጋገር ብዙም አይስሙት። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 656 የተባለውን ትራክተሩን በሃይድሮስታቲክ አሠርቶ ለገበያ ያቀረበው በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አሠራሩ በቀላሉ ሲገለጽ፣ ሞተሩ የዘይት ፓምፕ ያሽከረክራል፤ ፓምፑ የሚገፋው ዘይት ደግሞ ጎማውን የሚያዞር ሌላ የሃይድሮሊክ ሞተር ያሽከረክራል። በእግርዎ የሚጫኑት ፔዳል በፓምፑ ውስጥ ያለውን ሳህን ዝንባሌ በመለወጥ የሚሄደውን ዘይት ያበዛል ወይም ያሳንሳል፤ ወደ ሌላው ወገን ሲያዘነብል ደግሞ ትራክተሩ ወደኋላ ይሄዳል። ማርሽ መቀየር የለም፤ ፍሪሲዮን መርገጥም የለም፤ ፍጥነቱ ከዜሮ እስከ መጨረሻው ያለ ደረጃ ይጨምራል። ከፊት ባልዲ ገጥሞ ፍግ ለሚጭን፣ በጠባብ ግቢ ውስጥ ለሚመላለስ፣ ወይም ሣር ለሚያጭድ ሰው ከዚህ የሚመች ካምቢዮ አላውቅም።

እርሻ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ጉልበት በዘይት ውስጥ ሲያልፍ በማርሽ ውስጥ ከሚባክነው ይበልጥ በሙቀት መልክ ይባክናል፤ ብክነቱም ጎልቶ የሚታየው ለረዥም ሰዓት ከባድ ነገር በቀርፋፋ ፍጥነት ሲጎተት ነው፣ ይኸውም በማረሻ ሥራ ላይ። መተማ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ወቅት ዘይቱን ማቀዝቀዝ ራሱን የቻለ ፈተና ይሆናል። በዚህ ላይ የከፍታውን ነገር ይጨምሩበት። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል የሚባለውን የተለመደ ግምት ብንወስድ፣ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የደምቢያ ሜዳ ላይ 18 በመቶ ያህሉ ይጎድላል። የ35 የፈረስ ጉልበቱ ትራክተር ወደ 29 ይወርዳል ማለት ነው፤ ከዚያ ላይ የሃይድሮስታቲኩ ብክነት ሲቀነስ፣ በደረቀ ጥቁር ዋልካ ላይ ባለሦስት ዲስክ ማረሻ የሚጎትት አቅም አይተርፈውም። በአንጻሩ ባለ 80ው በዚሁ ስሌት 65 አካባቢ ይቀረዋል፣ ያውም በማርሽ እየሠራ። ሃይድሮስታቲኩንና ማርሹን አጣምሮ ብክነቱን የሚቀንስ ካምቢዮ በጀርመኑ ፌንት ቫሪዮ ስም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በገበያ ላይ ይገኛል፤ ዋጋውና የሚጠይቀው የጥገና ዕውቀት ግን ከያዝነው ጉዳይ እጅግ ይርቃል።

ቢሆንም ስለ ሁለቱ የፔዳል ዓይነቶች ጠይቀዋልና፣ አትክልት ቦታ ወይም የከብት እርባታ ያላቸው አንባቢዎቻችንም ይጠቀሙበት ዘንድ እመልሳለሁ። በጣትና በተረከዝ የሚሠራው ፔዳል እግርን ከቦታው ሳያነሡ ወደፊትም ወደኋላም ለማለት ያስችላል፤ ወዲያና ወዲህ ፈጣን ምልልስ ላለው ሥራ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ወደኋላ ሲሄዱ ጣትን አንሥቶ በተረከዝ መጫን ለቁርጭምጭሚት ከባድ ነው፤ ረዥም መንገድ ወደኋላ የሄደ ሰው ከቅልጥሙ ፊት ለፊት ባለው ጡንቻ ላይ ድካም ይሰማዋል። እግሩ አነስ ላለ ሰው፣ ለምሳሌ ለልጅዎ፣ ጣቷ ከላይኛው ጫፍ ሲደርስ ተረከዟ ከታችኛው ላይደርስ ይችላል። ማሳው ጎርበጥባጣ ሲሆንም በአንድ ፔዳል ላይ ሙሉ በሙሉ ያረፈ እግር ከትራክተሩ ጋር እየዘለለ ፍጥነቱን ሳይፈልጉ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል።

ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ፔዳሎች ሁለቱም በጣት በኩል የሚረገጡ ስለሆኑ ቁርጭምጭሚቱ ያለ ጭንቀት ይሠራል፤ ተረከዝም ወለሉ ላይ ተደግፎ እንደ ምሰሶ ስለሚያገለግል ጎርበጥባጣ መሬት ላይ ፍጥነቱ ይረጋጋል። ጉድለቱ እግርን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ማስፈለጉ ነው፤ በፔዳሎቹ መካከል ያለው ርቀት ከጠበበም ወፍራም ጫማ ያደረገ ሰው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊነካ ይችላል። ለእኔ ምርጫው ግልጽ ነው፤ ረዘም ላለ ሰዓት ለሚሠራና በአንድ ትራክተር ላይ ቁመታቸው የተለያየ ሰዎች ለሚፈራረቁበት ቤት ሁለቱ ፔዳሎች ይሻላሉ። በሁለቱም ዓይነት ላይ ግን መኪና የለመደ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በሃይድሮስታቲክ ትራክተር ላይ ፔዳሉ ነዳጅ መስጫ አይደለም፤ የሞተሩ ዙር በእጅ ተወስኖ ይቀመጣል፣ ፔዳሉ የሚያዘው ፍጥነቱን ብቻ ነው። ሞተሩ ሲጨነቅ ፔዳሉን ይበልጥ መጫን ጭንቀቱን ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም፤ መፍትሔው እግርን ላላ ማድረግ ነው። ፔዳሉን መልቀቅ ትራክተሩን ቢያቆመውም፣ ቆሞ የሚቆይበት ፍሬን ነው ማለት ግን አይደለም።

ወደ እርስዎ ምርጫ ልመለስና ስለ መቀመጫው ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ከካምቢዮው ዓይነት ባልተናነሰ ጉልበትን የሚጎዳው የመቀመጫው ርቀት ነው። ጀርባዎ መደገፊያውን ሳይለቅ የፍሪሲዮኑን ፔዳል እስከ መጨረሻው ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ወይም ለመድረስ ዳሌዎን ከመቀመጫው ማንሸራተት ካስፈለገ መቀመጫው ርቋል ማለት ነው፤ ፔዳሉ ገና ሳይረገጥ ጉልበትዎ ወደ መሪው የሚጠጋ ከሆነ ደግሞ ቀርቧል። መቀመጫው ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደላይና ወደታች የሚስተካከል፣ ስፕሪንጉም በሚቀመጥበት ሰው ክብደት ልክ የሚጠብቅና የሚላላ ይሁን። ልጅዎ ራሷ ተቀምጣ ካልሞከረች በእርስዎ ልክ ብቻ አይግዙ፤ እሷ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው መርገጥ ካልቻለች ትራክተሩ ለሷ ምቹ አለመሆኑ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። የፔዳሎቹ ገጽ ሻካራ መሆኑንም ይመልከቱ፤ የሐምሌ ጭቃ የያዘ ጫማ ከለስላሳ ብረት ላይ እንዴት እንደሚያመልጥ ያውቁታል።

በቀኝ በኩል ያሉት ሁለት የፍሬን ፔዳሎች በማሳ ውስጥ ለየብቻ ተረግጠው ጠባብ መዞርን ያግዛሉ። ለደምቢያ ማሳዎች ይህ ትልቅ ጥቅም ስለሆነ፣ በሚገዙት ላይ ማያያዣው በቀላሉ የሚፈታና የሚገጠም መሆኑን ይሞክሩ። መንገድ ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ላይ መታሰር አለባቸው፤ በፍጥነት ሲሄዱ አንዱ ብቻ ቢረገጥ ትራክተሩ ተሽከርክሮ ይገለበጣል። ከአይከል ወደ ገንዳ ውኃ በሚወርደው መንገድ፣ በተለይም ተጎታች ይዘው ሲወርዱ፣ ትራክተሩ አንደኛውም ይሁን ሁለተኛው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገቡ፤ ሞተሩ ፍሬን ይሁንልዎ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሽ አውጥቶ) መውረድ፣ ወይም መሀል ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ መፈለግ፣ የጫነውን ተጎታች ከትራክተሩ ጋር ወደ ገደል የሚልክ ነው። ሲንክሮ እየሄዱ ማርሽ ለመቀየር የሚያስችል መሆኑ ይህን ሕግ አይሽረውም።

ለሙከራ ሲሄዱ ሻጩ ግቢው ውስጥ አንድ ዙር አስነድቶ እንዳይሸኝዎ። ሞተሩም ካምቢዮውም እስኪሞቁ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል፣ ቢቻል ማረሻ ገጥመው ይንዱት፤ የፓወር ሻትሉ ዘይት ቀዝቃዛ ሳለ በደንብ የሚይዝ ዲስክ ሲሞቅ ሊንሸራተት ይችላልና። ከዚያ ወደ ዳገት ወስደው በመካከሉ ያቁሙት፣ እጀታዋን ወደፊት ሲገፉም ሳይንደረደር የሚነሣና የማይንሸራተት መሆኑን ይዩ። አንደኛውንም በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ዳገት ላይ ይሞክሩት፤ ፍሪሲዮኑን ደጋግመው ይርገጡና ማታ ጉልበትዎ ምን እንደሚል ይስሙት። የአንደኛው ፔዳል ካሰቡት የቀለለ ሆኖ ካገኙት፣ ወደኋላ የሚያስኬደው ማርሽም ሲንክሮ ከሆነ፣ የሁለቱን የዋጋ ልዩነት ለጥሩ መቀመጫና ለመለዋወጫ ማዋልን አልቃወምም።

ሕመሙን በተመለከተ፣ ትራክተር እስኪገዛ ድረስ አይጠብቁ፤ ጉልበትዎን ለሐኪም ያሳዩ፣ ሲያሳዩም በቀን ስንት ጊዜ ፍሪሲዮን እንደሚረግጡ የቆጠሩትን ቁጥር ይንገሩት። እስከዚያ ድረስ ደምቢያ ላይ ሲያርሱ፣ ባለ ማሳዎቹ ጎረቤታሞች ከሆኑና ከተስማሙ፣ ቃዳዎቹን አንድ ላይ አያይዘው በረዥሙ በኩል ይረሱ፤ ሁለት ቃዳ ጫፍ ለጫፍ ሲጋጠም የመዞሪያው ቁጥር ወዲያውኑ በግማሽ ይቀንሳል።